የግሎክ 19 ቃታ፦ የፋብሪካው ይበቃኛል ወይስ ልቀይረው?

የተጠየቀው፦ «ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፤ ግሪን ካርድ አለኝ። ማታ ማታ ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ስለምሠራ ፈቃድ አውጥቼ ግሎክ 19 ጄን 5 (አምስተኛው ትውልድ) እታጠቃለሁ። ቀኝ እጅ ነኝ። በ7 ያርድ ርቀት ስተኩስ አብዛኛው ጥይት ከመሃል ወደ ግራና ወደ ታች ይወርድብኛል። ጓደኛዬ የፋብሪካው ቃታ ከባድና ሸካራ ስለሆነ ነው ይላል፤ ጠፍጣፋ የአሉሚኒየም ቃታ ከነሞላዎቹ በ180 ዶላር እንድገዛ እየወተወተኝ ነው። ልግዛው?»

ወንድሜ፣ አትግዛው። ጥይትህን ወደ ግራና ወደ ታች የሚወስደው፣ ሽጉጡ ሊጮህ ነው ብሎ ቀድሞ የሚጨብጥ እጅህ የመሆኑ ዕድል ከቃታው ይልቅ እጅግ ያመዝናል። ይህን ለማረጋገጥ ደግሞ ከ20 ዶላር በላይ አያስወጣህም። ካረጋገጥክ በኋላም ቀለል ያለ ቃታ ካማረህ ግሎክ ራሱ የሠራቸው ሁለት አማራጮች አሉ፤ ወደ እነሱ እመጣለሁ። ጓደኛህ የመረጠልህ ዓይነት ስብስብ፣ በተለይ «ከነሞላዎቹ» የሚለው፣ ለውድድር ሜዳ ሽጉጥ የሚሆን ነው። ጥይት ጎርሶ ቀኑን ሙሉ ወገብህ ላይ ለሚውል ሽጉጥ አይሆንም።

መጀመሪያ ጥፋቱ የሽጉጡ ይሁን ያንተ እንለይ። የተኩስ ቦታ ስትሄድ ጥሩ ተኳሽ የሆነ ሰው፣ ካስፈለገም የቦታውን አሠልጣኝ ጠይቅና ያንተኑ ሽጉጥ ጠረጴዛ ላይ ከረጢት አስደግፎ በዚያው በ7 ያርድ 5 ጥይት ይተኩስልህ። የእሱ ጥይቶች መሃል ላይ ከተሰበሰቡ ማነጣጠሪያህ ደህና ነው። የእሱም ወደ ግራ ከሄዱ የኋላው ማነጣጠሪያ ተንቀሳቅሶ ሊሆን ስለሚችል ወደ መሃል ያስተካክሉልህ፤ ያኔ ስለ ቃታ ማውራቱም ያበቃል።

ቀጥሎ ለ9 ሚሊሜትር የሚሆን የልምምድ ጥይት ግዛ፤ ባሩድም ሆነ ፕራይመር (በመርፌ ሲመታ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ክፍል) የሌለው፣ ብዙ ጊዜ ቀይ ወይም ሰማያዊ የሆነው። አምስቱ የታሸገው ከ15 እስከ 20 ዶላር ነው። ካዝናውን ሌላ ሰው ይሙላልህ፤ ከ10 ጥይት መካከል 3 የልምምድ ጥይት በየመሃሉ ይሰውርበት። የት የት እንዳሉ ማወቅ የለብህም። አንተ የምትጠብቀው ጩኸት ነው፣ የሚመጣው «ጠቅ» ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት የፊቱን ማነጣጠሪያ ተመልከት። ወደ ታችና ወደ ግራ ከጠለቀ መልሱን አገኘኸው፤ በዓለም ላይ ያለ ምንም ዓይነት ቃታ ያንን አያድንም። «ጠቅ» ያለው የከሸፈ እውነተኛ ጥይትም ሊሆን ስለሚችል አፈሙዙን ከኢላማው አታንሳ፤ ትንሽ ጠብቀህ ስላይዱን (ወደ ኋላ የሚሳበውን የሽጉጡን የላይኛ ክፍል) ስበህ አስወጣውና ቀጥል።

ይህ ለምን ይሆናል? ግሎክ 19 ባዶ ካዝና ይዞ 670 ግራም ገደማ ይመዝናል። የፋብሪካው ቃታ የሚፈልገው ኃይል ደግሞ 5 ፓውንድ ተኩል አካባቢ ነው፤ ወደ 2 ኪሎ ተኩል ማለት ነው። የሽጉጡን ክብደት አራት እጥፍ የሚጠጋ ኃይል በአንድ ጣት ታሳርፍበታለህ። ያ ኃይል ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ከሄደ ችግር የለም፤ ትንሽ ወደ ጎን ካጋደለ ግን ሽጉጡን ይዞት ይዞራል። አመልካች ጣት ሲስብ ሦስቱ ጣቶች አብረው ሲጨብጡ በቀኝ እጅ ሰው ላይ አፈሙዙ ወደ ታችና ወደ ግራ ይወርዳል። አንድ ፓውንድ የቀለለ ቃታ ይህን መጠነኛ ያሻሽለዋል፤ ግን የቀረው 4 ፓውንድ ተኩል አሁንም ከሽጉጡ ክብደት በላይ ነው።

ሌላ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። የጄን 5 ሳጥን ውስጥ የእጀታውን የኋላ ውፍረት የሚለውጡ ትርፍ ሽፋኖች አሉ። ሽጉጡን እንደምትተኩሰው ጨብጠህ ጣትህን ቃታው ላይ አሳርፍ፤ በእርግጥ ባዶ መሆኑን አረጋግጠህ። ጣትህ በጭንቅ የሚደርስ ከሆነ ቃታውን ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ጎን እየገፋኸው ነው። ሽፋን ለጥፈህበት ከሆነ አውልቀህ ሞክር፤ ያለ ሽፋን ያለው መጠን ትንሹ ነው። በተቃራኒው ጣትህ በጣም አልፎ ሁለተኛው አንጓ ላይ ከገባ ወፍራሙን ሞክር። ዋጋው ዜሮ ነው፤ ብዙ «የቃታ ችግር» የሚፈታውም እዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ያለ ጥይት መለማመድ ነው። ጥይት የሚባል ነገር ሁሉ ከክፍሉ ይውጣ፤ ፊት ለፊትህ ጥይት የሚያቆም ግድግዳ ይኑር። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል። ግሎክ ከአንድ ሳብታ በኋላ ስላይዱን ትንሽ ካልሳቡት ቃታው አይመለስም፤ ሙሉ በሙሉ መሳብ አያስፈልግም፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል በቂ ነው። ይህ ልምምድ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ እጅህን ያርማል፣ በተጨማሪም አዲሱን ቃታ ያለሰልሰዋል። ጓደኛህ «ሸካራ» ያለው ስሜት የብረት ክፍሎቹ ገና ስላልተላመዱ ሊሆን ይችላል፤ ከጥቂት መቶ ሳብታ በኋላ ልዩነቱ በጣት ይታወቃል። ለቃታ የመደብከው 180 ዶላር በአሁኑ ገበያ ከ500 በላይ የ9 ሚሊሜትር የልምምድ ጥይት ይገዛል።

አሁን ወደ ውስጠኛው ክፍል እንግባ፤ ምክንያቱም «ሞላ ብቻ ነው የምቀይረው» የሚል ሰው ምን እየነካካ እንደሆነ ማወቅ አለበት።

ግሎክ ውስጥ ቃታው ከረጅም የብረት ባር ጋር ተያይዟል። የባሩ የኋላ ጫፍ መስቀል የመሰለ ቅርጽ አለው፤ የስትራይከሩን፣ ማለትም ፕራይመሩን የሚመታውን መርፌ፣ እግር ይዞ የሚያቆመው ያ መስቀል ነው። ስላይዱ ሲመለስ ስትራይከሩ በከፊል ተወጥሮ ይቀራል። ቃታውን ስትስብ ባሩ ወደ ኋላ እየሄደ በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ያደርጋል፦ ስትራይከሩን እስከ መጨረሻው ይወጥራል፣ ስላይዱ ውስጥ ያለውን የስትራይከር ማገጃ ወደ ላይ ገፍቶ መንገድ ይከፍታል፣ በመጨረሻም ኮኔክተር የምትባለው የታጠፈች ቆርቆሮ ባሩን ወደ ታች ስትጫነው መስቀሉ ከስትራይከሩ እግር ይላቀቃል። ጥይቱ ይተኮሳል። የቃታው ሙሉ ጉዞ 12 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ነው።

ግሎክ በጎኑ ላይ የሚገፋ ማገጃ የለውም። ደኅንነቱ በሙሉ በሦስት ነገር ላይ ነው፦ ቃታው መሃል ላይ ያለችው ትንሽ ምላስ፣ ቅድም ያልኩት የስትራይከር ማገጃ፣ ሦስተኛው ደግሞ የባሩ መስቀል ክንፍ የሚያርፍበት የቃታ ቤት እርከን። ያ እርከን ቃታው ሳይሳብ ባሩ ወደ ታች እንዳይወድቅ ይይዘዋል። ሽጉጡ ከእጅህ አምልጦ ወለል ላይ ቢወድቅ እንዳይባርቅ የሚያደርጉት እነዚህ ናቸው። ሦስቱም ደግሞ ከቃታው ጋር የተሳሰሩ ናቸው። የቃታውን ጉዞ ስታሳጥር የምታሳጥረው ከእነዚህ ከአንዱ ወስደህ ነው፤ ሌላ የምትወስድበት ቦታ የለም።

ገበያ ላይ ያለው ዕቃ ብዙ ቢመስልም ጥቂት ዓይነት ነው። አንደኛው ጣት የሚያርፍበትን ክፍል ብቻ የሚለውጥ ነው፤ ጠፍጣፋ ወይም ሌላ ቅርጽ፣ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም። ሁለተኛው ኮኔክተር። ሦስተኛው የሞላ ስብስብ። አራተኛው ሁሉንም አንድ ላይ የያዘ፣ ባሩም ጭምር የተቀየረበት፣ የመነሻ ጉዞውን (ቃታው ከመተኮሱ በፊት የሚሄደውን) የሚያሳጥር ብሎን ያለው። አምስተኛው እንደ ቲምኒ አልፋ ያለ፣ የፋብሪካውን አሠራር በራሱ አሠራር የሚተካ ሙሉ ክፍል ነው።

የአሉሚኒየሙን ቃታ ብዙ ሰው «መልኩ ብቻ ነው የሚለወጠው» ይለዋል። ክብደቱም ይለወጣል። የፋብሪካው ቃታ ፕላስቲክ የሆነው ለእርካሽነት ብቻ አይደለም፤ ቀላል ነገር ሽጉጡ ሲወድቅ በራሱ ግፊት ወደ ኋላ የመንቀሳቀስ አቅሙ ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲግ ሳወር ፒ320ን በተመለከተ የሆነውን አስታውስ። ሽጉጡ በተወሰነ ማዕዘን በጀርባው ሲወድቅ የቃታው ክብደት ራሱ ቃታውን ስቦ ሲያስተኩስ በሙከራ ታየ፤ ኩባንያው በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ለባለቤቶች ማሻሻያ አቀረበ፤ የማሻሻያው ዋና ክፍል ቃታውንና ውስጣዊ ክፍሎቹን ቀለል ባሉ መተካት ነበር። ግሎክ የቃታ ምላስ ስላለው አንድ ዓይነት አይደለም። ነገር ግን ያቺ ምላስ በአዲሱ ቃታ ላይ ሁልጊዜ ተመልሳ እንደምትወጣ፣ ጨርቅና አቧራ ሲገባባት እንደማትያዝ የሚያረጋግጥልህ ማን ነው? የፋብሪካው ዕቃ ከፕላስቲኩ ጀምሮ አንድ ላይ ተፈትኗል፤ ከሁለት ሦስት አምራች የተለቃቀመው ስብስብ ግን የሚፈተነው አንተ ወገብ ላይ ነው።

ብሎኖቹ ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። የመነሻ ጉዞ ማሳጠሪያው ከልክ በላይ ሲጠብቅ ባሩ ከእርከኑ ላይ ቀድሞ መንሸራተት ይጀምራል፤ የስትራይከር ማገጃውም ቃታው ሳይነካ በከፊል ተገፍቶ ሊቀር ይችላል። የመጨረሻ ጉዞ ማቆሚያው (ከተኮሰ በኋላ ቃታውን የሚያቆመው ብሎን) ከልክ በላይ ሲጠብቅ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፦ ባሩ እስከ ታች ሳይወርድ ቃታው ይቆማል፣ ሽጉጡ አይተኩስም። ንጹሕ ሳለ የሚሠራ ሽጉጥ 200 ጥይት ከተኮሰና ከቆሸሸ በኋላ እምቢ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ብሎኑ ላይ የብሎን ሙጫ ካልተደረገ ደግሞ በንዝረት ብቻ ይላላል። ለምትታጠቀው ሽጉጥ የሚስተካከል ብሎን ያለው ቃታ ፈጽሞ አልመክርም። እዚህ ላይ ማመቻመች የለኝም።

ሞላዎቹ ላይ ሰው የሚሳሳተው «ሁሉም ይቅለል» በሚል ነው። የስትራይከሩ ሞላ የፋብሪካው 5 ፓውንድ ተኩል ነው። ይህን ወደ 4 ወይም 4 ተኩል የሚያወርድ ሞላ በጥቂት ዶላር ይሸጣል፤ ቃታውም በእርግጥ ይቀላል። የቀለለው ግን መርፌው ፕራይመሩን የሚመታበትን ኃይል በመቀነስ ነው። ጠንካራ ፕራይመር ያለው ጥይት ሲመጣ ሊከሽፍ ይችላል። የተኩስ ቦታ ላይ መክሸፍ ያሳፍራል፣ ያልፋል። ማታ ሱቅ ውስጥ ግን የምትፈልገው ብቸኛ ጥይት ነው የሚከሽፍብህ። የከሸፈውን ጥይት አንስተህ ፕራይመሩን ብታየው ምልክቱ ግልጽ ነው፦ የፋብሪካው ሞላ ጥልቅ ጉድጓድ ሲተው የቀለለው ሞላ ጫን ያለ ጥፍር ያህል ብቻ ይተዋል። የስትራይከር ማገጃው ሞላና ማገጃው ራሱም እንዲሁ ናቸው፤ ቀለል ያለ ማገጃ የሚሸጥልህ ሰው ሁለተኛውን የደኅንነት ክፍል እየቀነሰልህ ነው።

«25 ሳንቲም ሥራ» እየተባለ በቪዲዮ የሚታየው፣ ክፍሎቹን በማለስለሻ ቅባት የመፈተግ ልማድም አለ። ባርና ኮኔክተር የሚነካኩበትን ገጽ በጨርቅ ማለስለስ ጉዳት የለውም፤ ጥቅሙም ትንሽ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ወይም በሊማ መንካት ግን ማዕዘኑን ይለውጣል። የስትራይከሩን እግርና የመስቀሉን የፊት ገጽ በምንም ነገር አትንካ።

ታዲያ ቀላል ቃታ መጥፎ፣ ከባድ ቃታ ጥሩ ነው ማለት ነው? አይደለም። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የኒውዮርክ ፖሊስ ነው። መምሪያው ለብዙ ዓመታት ግሎኮቹን 12 ፓውንድ ገደማ በሚደርስ ቃታ ያስታጥቅ ነበር፤ ሐሳቡ ፖሊሱ ሳያስበው እንዳይተኩስ ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 24 ቀን 2012 በኢምፓየር ስቴት ሕንፃ አጠገብ ሁለት ፖሊሶች አንድ ታጣቂ ላይ 16 ጥይት ሲተኩሱ 9 መንገደኞች ቆሰሉ። ጥፋቱን ሁሉ በቃታው ማላከክ አይቻልም፤ ሰው በተጨናነቀበት መንገድ፣ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ የሆነ ነው። ቢሆንም 670 ግራም በሚመዝን ዕቃ ላይ 5 ኪሎ ተኩል ኃይል ማሳረፍ ምን እንደሚያስከትል ከዚያ በኋላ ብዙ ተወራ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 መምሪያው ለአዳዲስ ምልምሎች ቀለል ያለ ቃታ መስጠት ጀመረ። በሌላ በኩል የማሳቹሴትስ ግዛት ደንብ ነጋዴዎች የሚሸጡት ሽጉጥ ትንሽ ልጅ እንዳይተኩሰው የሚያደርግ ነገር እንዲኖረው ይጠይቃል፤ አንዱ መንገድ 10 ፓውንድ ቃታ ነው። ቨርጂኒያ እንዲህ ያለ ደንብ የለባትም። ለታጣቂ ሰው እኔ የማምንበት ክልል ከ4 ፓውንድ ተኩል እስከ 6 ነው። ከ4 በታች ሲወርድ፣ ልብ ሲደነግጥና እጅ ሲንቀጠቀጥ ጣት የት እንዳለ በማይታወቅበት ሰዓት ሽጉጡ ሊባርቅ ይችላል።

የሻጭን ቁጥር ስታነብ ደግሞ ተጠንቀቅ። ቃታ ከላይ ባለው ፒን ላይ የሚዞር ስለሆነ ጫፉ ላይ ሲለካ ቀላል፣ ወደ ላይ ሲለካ ከባድ ሆኖ ይነበባል። ጠፍጣፋ ቃታ «ቀለለኝ» የሚባለውም በከፊል ለዚህ ነው፤ ጣት ዝቅ ብሎ ስለሚያርፍ። መለኪያ ከገዛህ (የሞላው ዓይነት 30 ዶላር አካባቢ ነው) መንጠቆውን ጣትህ በሚያርፍበት ቦታ አድርገህ 10 ጊዜ ለካና አማካዩን ያዝ። አንድ ልኬት ምንም አይነግርህም።

እንግዲህ ልምምዱን ሠርተህ፣ ጥይትህ መሃል መሰብሰብ ጀምሮ፣ አሁንም ቀለል ያለ ቃታ ከፈለግህ ሁለት መንገድ አለህ። ርካሹ የግሎክ የመቀነስ ምልክት ያለባት ኮኔክተር ናት፤ ከ10 እስከ 25 ዶላር ትሸጣለች። ግሎክ በውድድር ሞዴሎቹ ላይ ሲጠቀምባት ኖሯል። አንድ ፓውንድ ያህል ትቀንሳለች። ክፋቷ፣ የፋብሪካው ላይ የሚታወቀው «ግድግዳ»፣ ማለትም ከመተኮሱ በፊት ጣትህ የሚያርፍበት ቁርጥ ያለ ቦታ፣ ይደበዝዛል፤ ሳብታው እንደ ላስቲክ ይለመጣል። አንዳንዱ ይወደዋል፤ ለእኔ ግን ቁርጥ ያለው ግድግዳ አንድ ፓውንድ ያስንቃል። ሁለተኛው ግሎክ ፐርፎርማንስ ትሪገር ነው፦ ለጄን 5 ብቻ የተሠራ፣ ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነ፣ እንደ አንድ ስብስብ የሚሸጥ፣ ዋጋው 100 ዶላር አካባቢ፣ ክብደቱ ከ4 እስከ 5 ፓውንድ። የሚስተካከል ብሎን የለውም፤ ደኅንነቱ በአምራቹ ተፈትኗል። ጓደኛህ ከሚለው 180 ዶላር ያነሰ፣ በሁሉም መልኩ የተሻለ ነው። ዕቃ ስትገዛ ሽጉጥህ ጄን 5 መሆኑን ተናገር፤ የጄን 3 እና የጄን 4 ቃታ ባር ለጄን 5 አይሆንም፣ የ43 እና የ48 ቀጫጭን ሞዴሎች ክፍሎችም አይገጥሙም።

ኮኔክተር መቀየር ይህን ይመስላል። ካዝናውን መጀመሪያ አውጣ፣ ከዚያ ስላይዱን ስበህ የጥይት ቤቱን በዓይንህም በጣትህም እይ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ስላይዱን ስበህ ካዝናውን በኋላ ካወጣህ፣ ቤቱ ውስጥ አዲስ ጥይት ጎርሶ ይቀራል። ግሎክ ሲፈታ ቃታውን መሳብ ግድ ስለሆነ ብዙ ሰው እጁን የመታው በዚህች ስሕተት ነው። ስላይዱን ካወረድክ በኋላ በ3/32 ኢንች መግፊያ የኋላውን ፒን፣ ከዚያ የቃታውን ፒን ግፋ፤ ጄን 5 ላይ ሁለት ፒን ብቻ ነው ያለው። የቃታው ፒን እምቢ ካለ በመዶሻ አትምታው፤ የስላይድ ማቆሚያውን በጣትህ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀስክ ስትገፋው ይለቃል። የቃታ ቤቱን ቀስ ብለህ አንሳው። ኮኔክተሯን ከቤቱ በትንሽ ካቻቪቴ ከውስጥ በኩል ገፍተህ አውጣ፤ አዲሷን ጎኗ ከፕላስቲኩ ጋር እኩል እስኪሆን አስገባት፤ እስከ መጨረሻው ካልገባች ስላይዱን ትነካዋለች። መልሰህ ስትገጥም ባሩና ኮኔክተሯ የሚነካኩበት ጥግ ላይ አንዲት ጠብታ ዘይት አድርግ፤ ያቺ ጠብታ ከሌለች ማንኛውም የግሎክ ቃታ ይሻክራል።

ከገጠምክ በኋላ፣ የማንንም ዕቃ ቢሆን፣ እነዚህን ሳትፈትን ጥይት አታጉርሰው። ምላሷን ሳትነካ ቃታውን በሁለት ጎኑ ቆንጥጠህ ወደ ኋላ ሳበው፤ መንቀሳቀስ የለበትም። ስላይዱን አውርደህ የስትራይከሩን እግር ወደ ኋላ ስበህ ቀስ ብለህ ማገጃው ላይ እስኪያርፍ ልቀቀው፤ ከዚያ በአውራ ጣትህ ጠንክረህ ወደ ፊት ግፋው። የመርፌው ጫፍ ከፊቱ ቀዳዳ ብቅ ካለ ማገጃው አልሠራም፤ ሽጉጡ ወደ ባለሙያ ይሂድ። ገጥመህ ደግሞ ቃታውን ሳብና ይዘህ ቆይ፣ ስላይዱን ሙሉ በሙሉ ሳብ፣ ልቀቅ፤ ከዚያ ቃታውን ቀስ እያልክ ስትለቀው «ቀጭ» የሚል ድምፅና ስሜት መምጣት አለበት፤ እንደገና ሲሳብ ባዶው ሽጉጥ «ጠቅ» ማለት አለበት። ሌላው ፍተሻ ቃታውን ስበህ ይዘህ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርግ፣ ስላይዱን ወደ ኋላ ስበህ ቀስ እያልክ አብረኸው ወደ ፊት መልሰው፤ በራሱ እስከ መጨረሻው መዘጋት አለበት። መሃል ላይ ከቆመ የመመለሻው ሞላ ደክሟል ወይም የሞላዎቹ ሚዛን ተዛብቷል።

አንዱ ፍተሻ በዓይን የሚታይ ነው፣ ለዚህም የባለሙያ የኋላ መክደኛ ያስፈልጋል፤ መሃሉ የተከፈተ፣ ብዙ ጊዜ ብርቱካናማ የሆነ ፕላስቲክ፣ ጥቂት ዶላር ነው። የፋብሪካውን መክደኛ አውጥተህ እሱን ስታስገባ መስቀሉ የስትራይከሩን እግር ምን ያህል እንደያዘው ታያለህ። ቢያንስ ሁለት ሦስተኛውን መያዝ አለበት። ግማሹን ብቻ የያዘ ወይም አንድ ጎን ያጋደለ ከሆነ ክፍሉ አልገጠመም። ከሌላ አምራች ባር ያስገባ ሰው ይህን ፍተሻ ካላደረገ ሽጉጡን መታጠቅ የለበትም። «ወድቆ ይባርቅ እንደሆነ ልይ» ብለህ ሽጉጥ ወለል ላይ አትጣል፤ ያ በላቦራቶሪ የሚደረግ ነው።

ከዚያ 200 የልምምድ ጥይት፣ በተጨማሪም የምትታጠቀውን ዓይነት ጥይት 50 ተኩስ። አንድ ጊዜ እንኳ ከከሸፈ ወይም ቃታው ካልተመለሰ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ማኅደሩንም አትርሳ፦ የፕላስቲክ ማኅደር የሚቀረጸው በቃታ ዘቡ (ቃታውን በሚከበው ቀለበት) ዙሪያ ስለሆነ ወፍራም ወይም ወደ ፊት የወጣ ቃታ ውስጡን ሊነካ ይችላል። ባዶ ሽጉጥ አስገብተህ አውጣ፤ ሲገባ ቃታው ከተንቀሳቀሰ ያ ማኅደር ተጣለ።

ከሕግ አንጻር ሁለት ሦስት ነገር። ቨርጂኒያ ውስጥ የሽጉጥህን ቃታ መቀየር ራሱ ክልክል አይደለም። ሆኖም አንድ ቀን ራስህን ተከላክለህ ፍርድ ቤት ብትቀርብ፣ በጣም የቀለለ ቃታ «ተከላከለ ሳይሆን ባረቀበት» ለሚል ክርክር በር ይከፍታል። የፋብሪካ ክብደት ያለው የፋብሪካ ዕቃ ይህን በር ይዘጋል። ከግሎክ ውጭ የሆነ ክፍል ማስገባት ዋስትናህን ሊያሳጣህም ይችላል። ግሪን ካርድ ስላለህ መታጠቅህ ችግር የለውም፤ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ላለ ወንድም ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር የፌዴራል ሕጉ ሽጉጥ እንዳይዝ ይከለክላል፣ ስለዚህ ያንተን አታውሰው። «ስዊች» እየተባለ በኢንተርኔት የሚሸጠው፣ ግሎክን እንደ መትረየስ በተከታታይ የሚያስተኩሰው ትንሽ ክፍል ደግሞ ቃታ አይደለም፤ ይዞ መገኘት ብቻ እስከ 10 ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው።

የቀረው የአሮጌው ክፍል ነገር ነው። ከሽጉጡ ያወጣኸውን ማንኛውንም ነገር፣ ኮኔክተርም ብትሆን፣ ስሙንና ቀኑን ጽፈህ በላስቲክ ከረጢት አድርገህ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጥ። ሽጉጡን ለጥገና ወደ ግሎክ ከመላክህ ወይም ከመሸጥህ በፊት ወደ ነበረበት ትመልሰዋለህ። «ትርፍ ነው፣ ለአጎቴ ይጠቅመዋል» ብለህ ወደ አዲስ አበባ በምትሄድበት ሻንጣ ውስጥ ግን አትክተተው፤ የሽጉጥ ክፍል ከአሜሪካ ማውጣት በንግድ ሚኒስቴሩ የወጪ ንግድ ደንብ ሥር ነው፣ ኢትዮጵያ ሲደርስም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይጠብቀዋል።